አሮጌ የብስክሌት ሮለር ወይስ አዲስ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታዩት

የቤተሰብ ብስክሌት ሱቅ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሸጠው አዲሱ ዕቃ ነው። ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የከረመው ሮለር፣ ማለትም ብስክሌት ቤት ውስጥ የሚነዱበት መለማመጃ፣ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ወይም ልጁ ታዲያ «ይሄ እኮ የአያታችን ነው፣ ስንት ሻምፒዮን ተለማምዶበታል» ይላል። ገዢውም ግራ ይገባዋል። ዕቃ ነው የምገዛው ወይስ ታሪክ? በዚያው ገንዘብ አዲስ ሮለር ይገኛል። ትንሽ ከተጨመረበት ደግሞ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትሬይነር (ብስክሌቱን ጨብጦ ይዞ ቤት ውስጥ የሚያስነዳ መሣሪያ) አለ።

እዚህ ምርት ማወደስ የለም። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አሮጌ ሮለር ስትገዙ ለመንዳቱና ለታሪኩ ለየብቻ ዋጋ አውጡ። ሻጩ ሁለቱን ደባልቆ ነው ዋጋ የሚጠራው። የመለየቱ ሥራ የእናንተ ነው።

ሮለር ምን እንደሆነ ለማያውቅ

ሦስት ሲሊንደሮች በአንድ ፍሬም ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ የኋላውን ጎማ ይሸከማሉ፣ አንዱ ከፊት ጎማ ሥር ይሆናል። ከኋላ ካሉት አንዱና የፊቱ በቺንጋ ስለተያያዙ የኋላ ጎማችሁ ሲዞር የፊቱም አብሮ ይዞራል። ብስክሌቱን ደግፎ የሚይዘው ነገር የለም። ሚዛናችሁን የምትጠብቁት ራሳችሁ ናችሁ፣ ቦታችሁን ግን አትለቁም። ትሬይነር ላይ ለወራት ላቡን ያፈሰሰ ሰው እንኳ ሮለር ላይ ሲወጣ ግድግዳ ፍለጋ እጁን የሚዘረጋው ለዚህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ቻርልስ መርፊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ሎንግ አይላንድ ላይ ከባቡር ኋላ ተጠግቶ አንድ ማይል በ57.8 ሰከንድ ነድቷል (ዓመተ ምሕረቶቹ ከዚህ በኋላም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እሱና በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ሜጀር ቴይለር ቲያትር ቤት መድረክ ላይ በሮለር ተወዳድረዋል። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከቦታቸው ፈቀቅ የማይሉ ሁለት ብስክሌተኞችን ያይ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥም እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሲኒማ አዳራሾች የሮለር ውድድር ነበር፤ ተመልካቹ ማን እንደቀደመ የሚያውቀው ትልቅ ሰዓት በሚመስል ሰሌዳ ላይ የሚዞረውን ቀስት አይቶ ነው።

ሮለር በየሱቁ ምድር ቤት የተገኘበት ምክንያትም ሩቅ አይደለም። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹን የከፈቱት የቀድሞ ተወዳዳሪዎችና የብስክሌት ፍሬም ሠሪዎች ናቸው። ቺኖ ቺኔሊ በ1943 ሚላን–ሳን ሬሞ የሚባለውን የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ያሸነፈ ብስክሌተኛ ነበር፤ በ1948 በስሙ ድርጅት መሠረተ። ፍሬም ሠሪው ፋሊዬሮ ማዚ ሚላን ውስጥ ቪጎሬሊ በሚባለው የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር ነበር የሚሠራው፤ ልጁ አልቤርቶ ሥራውን ተረከበ። ቺካጎ ውስጥ ከቤልጂየም የመጣው ኤሚል ዋስቲን በ1938 ለወጣው የሽዊን ፓራማውንት ፍሬም ንድፉን ሠራ፤ ልጁ ኦስካርም በዚያው ሙያ ቀጠለ። ሽዊን ራሱ ኢግናዝ ሽዊን በ1895 ከሸሪኩ ጋር ቺካጎ ውስጥ የጀመረው የቤተሰብ ድርጅት ነበር፤ በ1992 ለኪሳራ ጥበቃ እስኪያመለክት ድረስ በቤተሰቡ እጅ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሮለር ለጌጥ አይቀመጥም። በበረዶ ወቅት ልጆቹ ይለማመዱበታል፣ ደንበኛ ሲመጣም ብስክሌቱ ላይ አስቀምጠው ኮርቻው ልኩ መሆኑን ያዩበታል።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ።

ክብነት። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የብስክሌታችሁ ጎማ በደቂቃ ወደ 240 ጊዜ ገደማ ይዞራል። 114 ሚሊ ሜትር ስፋት (ዲያሜትር) ያለው ሲሊንደር ግን በዚያው ፍጥነት ወደ 1,400 ጊዜ ይዞራል። 57 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 2,800። ስለዚህ በዓይን የማትታይ ጠመዝማዛነት እግራችሁ ድረስ ትመጣለች፤ ትልቁ ሲሊንደር ላይ እንኳ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ትነቀንቃችኋለች። መፈተሻው ቀላል ነው። እርሳስ ፍሬሙ ላይ ደግፉና ጫፉን ሲሊንደሩን ሳይነካ አስጠጉት፣ ከዚያ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ክፍተቱ ከጠበበና ከሰፋ ሲሊንደሩ ተጣሟል። መሐሉንም ሁለቱን ጫፎችም እዩ።

ኩሽኔታ። ቺንጋውን አውልቁና እያንዳንዱን ሲሊንደር ለብቻው አሽከርክሩ። የሚንኳኳ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል። ይሄ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈራም። ዝግ ኩሽኔታ ከሆነ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 6001 የሚለው ውስጡ 12፣ ውጪው 28፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል። የጥንቶቹ ላይ ጥይቶቹ (ትንንሾቹ የብረት ኳሶች) ልቅ ሆነው የሚገቡበት ዓይነት አለ። ጥይት መቀየር ርካሽ ነው። ጥይቱ የሚሄድበት ሳህን ከተበላ ግን ቶርኖ ቤት መሄድ ግድ ይሆናል፣ ያኔ ርካሹ ሮለር ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

ቺንጋ። አሮጌ ሮለር ሲገኝ ቺንጋው ደርቆ ወይም ተበጥሶ ነው። ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት፣ ግን አትፍሩት። ዛሬ በሙቀት የሚበየድ ክብ የፖሊዩሬቴን ገመድ በሜትር ይሸጣል።

ልክ። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለው ርቀት ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። የውድድር ብስክሌት ወደ 1 ሜትር አካባቢ ነው፣ የተራራው በጣም ይረዝማል። የፊቱ ሲሊንደር መሐል ከፊት ጎማው ዘንግ በትንሹ ቀደም ብሎ መቀመጥ አለበት። ፍሬሙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይህን የሚፈቅዱ ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ክብደት። ሮለር ላይ ፔዳሉን የሚያከብደው በዋናነት የሲሊንደሩ ስፋት ነው። ቀጭን ሲሊንደር ጎማውን ይበልጥ ስለሚጫነው ይከብዳል፣ ሰፊው ይቀልላል። ብዙዎቹ ሮለሮች በ57 እና በ114 ሚሊ ሜትር መካከል ናቸው። ለጀማሪ ሰፊው ይሻላል፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሚወዛወዘውም ያነሰ ስለሆነ።

ድምፅ። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ ከሁሉ ሊቀድም ይችላል። ከታች ያለውን ጎረቤት አስቡት።

ማስረጃ። ታሪኩን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ፎቶ ወይም ምልክት አለ? ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ ሰፊ ነገር ነው።

የእንጨት ሲሊንደር ያለው

ሲያዩት ያምራል። ሳሎን ውስጥ ቢቀመጥ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። ድምፁም ለስለስ ያለ ነው።

ችግሩ እንጨት መሆኑ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት የቆየ ሮለር ማሞቂያ ወደሚሠራበት ደረቅ አፓርታማ ሲገባ ክብ የነበረው ክብ አይሆንም። ገዝታችሁ ቤት ስታስገቡ ወዲያው አትንዱት። ሳምንታት ይቀመጥ፣ ከዚያ የእርሳሱን ፈተና ድገሙት። በሲሊንደሩ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ጥፍራችሁን አስገቡበት፤ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ እንዲያ ባለ ፍጥነት የሚዞር ዕቃ ላይ መቀመጥ ቀልድ አይደለም።

ቶርኖ ላይ አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን ሲሊንደሩ ይቀጥናል፣ የዱሮው ቫርኒሽና የጎማው ዱካም አብሮ ይጠፋል። ለታሪኩ የገዛችሁት ከሆነ ታሪኩን በቶርኖ ላጫችሁት ማለት ነው። ሌላው ቀለሙ ነው። አሜሪካ ለቤት ዕቃና ለግድግዳ የሚሆን እርሳስ ያለበት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ፍሬም ካላችሁ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

የእኔ ፍርድ፦ ለየቀን ልምምድ የእንጨት ሮለር አልመክርም። አንዳንዴ ለመንዳት፣ ለማሳየትና ለማቆየት ከሆነ ግን እሱን የሚያህል የለም።

አሮጌ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሮለር

በ1960ዎቹ፣ 70ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩት በአብዛኛው እዚህ ይገባሉ። ከአሮጌዎቹ መሐል ሰው በእውነት ሊነዳበት የሚገዛው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሊንደሩ ካልተመታ በቀር ክብነቱን ይጠብቃል። የሚበላሸው ኩሽኔታውና ቺንጋው ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። ፍሬሙ ብዙ ጊዜ ከዛሬዎቹ ይወፍራል፣ ስለዚህ ወለል ላይ አይንሸራተትም።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሲጫን ወድቆ የተጎረበጠ ሲሊንደር። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ከሆነ ጎማ ስለማይደርስበት ይታለፋል፣ መሐል ከሆነ ግን ተዉት። ሁለተኛ፣ ዝገት። ላይ ላዩን የሆነ ዝገት ይጸዳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ከተጠራቀመ ግን ሚዛኑ ይዛባል፣ ሲዞርም ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስል ይንሿሿል። ሦስተኛ፣ ቺንጋው ያለ መከለያ ክፍት ሆኖ የሚሄድ መሆኑ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ጣት ሊገባበት ይችላል። አዲሶቹም ብዙዎቹ ክፍት ናቸውና ይሄ የአሮጌ ብቻ ችግር አይደለም።

ድምፁስ? ይጮኻል። ወፍራም ምንጣፍ ወይም የጂም ላስቲክ ከሥሩ ካላደረጋችሁ ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል።

አዲስ ሮለር

ከፕላስቲክም ከአሉሚኒየምም ይሠራል። ትልቁ ለውጥ የሲሊንደሩ ቅርጽ ነው፤ አንዳንዶቹ ወደ ጫፍ እየሰፉ ስለሚሄዱ ጎማው ወደ ዳር ሲያመራ ወደ መሐል ይመልሱታል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚታጠፉ ስላሉ አልጋ ሥር ይገባሉ፣ ዋስትና አላቸው፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል።

ፕላስቲኩ ቀላልና ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ከባድ ሰው በኃይል ሲነዳበት ትንሽ ይጎብጣል። አሉሚኒየሙ ይከብዳል፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ይቆያል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ማስተማር ለሚፈልግ ወላጅና ሳይጨነቅ መንዳት ለሚፈልግ ሰው መልሱ ይሄ ነው።

ትሬይነር

የኋላውን ጎማ ወይም ጎማው ወልቆ ፍሬሙን ጨብጦ የሚይዝ ነው። አትወድቁም። ኃይል የሚለካውና ከስልክ ጋር የሚገናኘው ዓይነት ስልኩ ላይ ዳገት ሲመጣ ራሱ ያከብድላችኋል፣ ዕቅድ ይዞ ለሚሠራ ሰው ከሮለር ይበልጣል። በሌላ በኩል ሚዛን አያስተምርም። ጎማውን የሚጫነው ዓይነት የኋላ ጎማ ይበላል። አንዳንድ የካርቦን ፍሬም አምራቾች ትሬይነር ላይ መታሰርን ስለሚከለክሉ የዋስትና ወረቀታችሁን አንብቡ። ሮለር ፍሬሙን የትም አይጨብጥም።

ኤሌክትሪክም ይፈልጋል፣ ቢያንስ ዘመናዊው። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ጭቃና ጎርፍ ሲሆን ቤት ውስጥ መንዳት ያምራል፣ ግን መብራት ሲሄድ ትሬይነሩ ከእነ ብልጠቱ ቁጭ ይላል። ሮለር የሚሠራው በእግራችሁ ብቻ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው?

«የ1920ዎቹ ነው» ማለት ቀላል ነው። ዕቃው ራሱ ግን ብዙ ይናገራል።

በስቲከሩ ጀምሩ። የአሜሪካ ሱቆች ስማቸውንና አድራሻቸውን የሸጡት ዕቃ ላይ ይለጥፉ ነበር። አድራሻው ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ካለው ስቲከሩ ከ1963 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ዚፕ ኮድ የተጀመረው ያኔ ነው። ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ፣ «ቺካጎ 22» እንደሚባለው፣ ከ1943 እስከ 1963 የነበረው አሠራር ነው። የጣሊያን ሱቅ አድራሻ ላይ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ካያችሁ ከ1967 ወዲህ ነው። «ምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ከ1949 እስከ 1990 ያለውን ዘመን ነው የሚያመለክተው። ይህ ሁሉ ግን የስቲከሩን ዕድሜ ነው የሚነግራችሁ። ሱቁ አሮጌ ሮለር ጠግኖ አዲስ ስቲከር ለጥፎበት ይሆናል፣ ወይም አሮጌ ስቲከር መሳቢያ ውስጥ ተርፎ ቆይቶ ተለጥፎ ይሆናል።

ቀጥሎ የፓተንት ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ላይ ወይም በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የአሜሪካ ፓተንት 1 ሚሊዮን የደረሰው በ1911 ነው፣ 2 ሚሊዮን በ1935፣ 3 ሚሊዮን በ1961፣ 4 ሚሊዮን በ1976። ስለዚህ ቁጥሩ በ2 ሚሊዮን የሚጀምር ከሆነ «የ1920ዎቹ» የሚለው ወሬ እዚያው ይሞታል። ቁጥሩ ካለ ደግሞ የፓተንቱን ሥዕል በነጻ ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል፣ ከዕቃው ጋር አስተያዩት።

ብሎኖቹንም እዩ። ባለ መስቀል ጭንቅላት ብሎን ገበያ ላይ በሰፊው የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የ1910 ነው የተባለ ሮለር ላይ ካገኛችሁት ወይ ተጠግኗል ወይ ዕድሜው ተጋኗል። መጠገኑ ነውር አይደለም፣ ግን ሻጩ ሊነግራችሁ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ነው። ሱቁ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ሮለሩ ከታየ ጭረቶቹን፣ የቀዳዳዎቹን ቁጥርና የስቲከሩን ቦታ አንድ በአንድ አወዳድሩ። የሽያጭ ደረሰኝ፣ የሱቁ የሒሳብ መዝገብ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ካለ ዋጋ መጨመር ተገቢ ነው። «እገሌ የሚባል ሻምፒዮን ነድቶበታል» የሚል ነገር ግን ከአፍ ብቻ ከመጣ እኔ አንድ ዶላር አልጨምርበትም። ሰውየው እየዋሸ ነው ማለቴ አይደለም። የቤተሰብ ወሬ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ያድጋል፤ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሻይ የጠጣ ጋላቢ በሦስተኛው ትውልድ በየማለዳው ሮለር ላይ የሚወጣ ደንበኛ ይሆናል።

የሱቅ ታሪክ በራሱ ዋጋ አይኖረውም ማለትም አይደለም። ራይት ወንድማማቾች በ1892 ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ፣ ኋላም የራሳቸውን ብስክሌት መሥራት ጀመሩ። ካሏቸው ሱቆች አንዱን ሄንሪ ፎርድ በ1930ዎቹ ገዝቶ ሕንፃውን እንዳለ ወደ ሚሺጋን አዛወረው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ተራው የሰፈር ሱቅ እዚያ አይደርስም፣ ግን ለከተማው ሰው ትርጉም አለው። የአካባቢ ሙዚየም ወይም የታሪክ ማኅበር ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁን ያውቁት እንደሆነ ጠይቁ፤ ፎቶ ሊኖራቸው ይችላል።

ወደ እኛም ስንመጣ ከአስመራ ወይም ከአዲስ አበባ አሮጌ የብስክሌት ቤቶች የወጣ ሮለር ካጋጠማችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር የብስክሌት ውድድር የተካሄደው በ1946 ነው። ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያን ወክሎ በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ በብስክሌት ተወዳድሯል። ከዚያ ዘመን የተረፈ የልምምድ ዕቃ ቢገኝ ከመንዳቱ ይልቅ ሰነዱ ይቅደም። ባለቤቶቹ በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን ቅዱ፣ ዕቃውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፣ ምንም ክፍል አትቀይሩ።

በአጭሩ

| መለኪያ | የእንጨት | አሮጌ የብረት | አዲስ ሮለር | ትሬይነር |
|---|---|---|---|---|
| ክብነት | እንደ አየሩ ይለዋወጣል | ካልተመታ ጥሩ | ጥሩ | አያሳስብም |
| ድምፅ | ለስላሳ | ከፍተኛ | እንደ ዓይነቱ | እንደ ዓይነቱ |
| መለዋወጫ | ቶርኖ ቤት | ኩሽኔታና ቺንጋ በቀላሉ | ከአምራቹ | ከአምራቹ |
| ሚዛን ማስተማር | አዎ | አዎ | አዎ፣ ለጀማሪም ይመቻል | አያስተምርም |
| ክብደት ማስተካከል | በማርሽ ብቻ | በማርሽ ብቻ | አንዳንዶቹ ማስተካከያ አላቸው | አዎ |
| ኤሌክትሪክ | አይፈልግም | አይፈልግም | ተራው አይፈልግም | ዘመናዊው ይፈልጋል |
| የታሪክ ዋጋ | ከማስረጃ ጋር ከፍተኛ | ከማስረጃ ጋር መካከለኛ | የለም | የለም |
| የሚጠይቀው ሥራ | ብዙ | መካከለኛ | ትንሽ | ትንሽ |

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ኪሳችሁ ከሳሳና እጃችሁ መፍቻ ከለመደ አሮጌውን የብረት ሮለር ፈልጉ። ሲሊንደሩ ክብ ከሆነ ቀሪው ይስተካከላል። ታሪክ ለሌለው የብረት ሮለር እኔ ብሆን ከ100 ዶላር በላይ አልከፍልም፤ ኩሽኔታና ቺንጋ ስትጨምሩበት ዋጋው ወደ አዲሱ መጠጋት ይጀምራል። ከተጠጋ ደግሞ አዲሱን ግዙ፣ ምን አደከማችሁ።

ሮለር ላይ ወጥታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም ለልጅ ከሆነ፣ ጫፉ ሰፋ የሚለውን አዲስ ሮለር ያዙ። መጀመሪያ ላይ በበር መቃን መሐል አስቀምጡት፣ ሁለቱም ክርን የሚደገፍበት አለው። ጥርስ የሌለው ለስላሳ የመንገድ ጎማ ይሁን። የተራራ ብስክሌት ጎማ እንዳለ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ፣ ድምፁ ብቻውን ያስወርደዋል።

ውድድር ላይ ያለና በዕቅድ የሚሠራ ሰው ትሬይነር ይግዛ። ገንዘብ ከተረፈው አሮጌ ሮለር ይጨምርበት፣ ለማሟሟቂያና እግር ለማፍታታት። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ ወይም ሱቁ የሰፈራችሁ ከነበረ የእንጨቱን ውሰዱ። ዋጋ ስትነጋገሩ ግን መጀመሪያ ያለ ታሪኩ ስንት እንደሚያወጣ በልባችሁ ወስኑ፣ ከዚያ ላለው ማስረጃ ብቻ ጨምሩ። ልትነዱበት ስትሉ ኩሽኔታና ቺንጋ ከቀየራችሁ የወጣውን አትጣሉ፤ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ዕቃውን ከምትረከቡት ቤተሰብም አንድ ገጽ ጽሑፍ ጠይቁ፦ ሱቁ መቼ ተከፈተ፣ የት ነበር፣ ሮለሩን ማን ገዛው፣ ማን ተጠቀመበት። ፈርመው ይስጧችሁ። ብዙ ሰው በደስታ ይጽፋል፣ እንዲያውም ያላሰባችሁትን ፎቶ ከሳጥን ያወጣላችኋል።

ከውጭ ወደ አገር ቤት ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ሮለሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈታ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቅዱት፣ ርዝመት ወርድና ከፍታው ተደምሮም ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ። ክብደቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጎን ብረቱ ርዝመት ነው፣ ስለዚህ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ወይም በብሎን የሚለያይ ፍሬም ያለውን ምረጡ። ሲሊንደሮቹን በልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣው መሐል አድርጉ፣ ትርፍ ኩሽኔታና ሁለት ትርፍ ቺንጋ አብራችሁ ያዙ።